ትል ያረባችው እትዬ አገሬ

ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ? ይህን ጥያቄ በሁዳዴ ወረታ ከተማ ላይ ካነሣችሁ ምሳችሁ ሳይቀርብ ይመሻል። አንዱ «ደም የለውም» ይላል። ሌላው «አንተ፣ ዓሣ ሲታረድ ቆመህ አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ ያፈጥበታል። ሦስተኛው የፈቀዱትንና የከለከሉትን አባቶች በየተራ እየጠራ ሁለቱንም ያስጨንቃል። እኔ እዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ የገባ ሰው ረትቶ ሲወጣ አላየሁም። የማውቀው ነገር ቢኖር ተከራካሪዎቹ ከተለያዩ በኋላ ሁሉም ዞረው ዞረው እትዬ አገሬ ዓሣ ቤት እንደሚገናኙ ነው። «የጾም ነው» ያሉት በፊት ለፊት በር ይገባሉ። «የፍስክ ነው» ያሉት በጓሮ በር።

ይህን ያወቅሁት ሰልዬ እንዳይመስላችሁ። የሩዝ መፈልፈያ ቤቴ ከእሷ ዓሣ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። የጓሮ በሯ ደግሞ የሚከፈተው ወደ እኔ ጓሮ ነው። ታዲያ ዓይን ተሰጥቶት የማያይ ማን አለ?

እትዬ አገሬን የማያውቅ የወረታ ሰው የለም፤ የማያውቃትም መንገደኛ አንድ ጊዜ ከቀመሰ አይረሳትም። ባሏ በሕይወት ሳለ ከጣና ዓሣ እያወጣ ያመጣላት ነበር። በሕመም ከተለያት ወዲህ ጓደኞቹ በባጃጅ እየጫኑ ያመጡላታል፤ እሷ ትፍቃለች፣ ትሰነጥቃለች፣ ትጠብሳለች። ቢላዋዋ ሲሄድ ዓይን አይከተለውም። ድምፅዋን ደግሞ የእኔ የወፍጮ ሞተር እንኳ አሸንፎት አያውቅም። «አምባዛ አልቋል! ቆሮሶ የሚበላ ይቀመጥ፣ የማይበላ መንገድ ይልቀቅ!» ስትል የጎንደሩም፣ የባሕር ዳሩም፣ የደብረ ታቦሩም ተሳፋሪ እንደ ታዘዘ ወታደር ቁጭ ይላል።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ግን አናቱን የት እንጣለው ለሚለው አበው መልስ አልተዉልንም። እንግዲህ አስቡት፤ የሚበላው ሥጋ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ጭንቅላት፣ አንጀት፣ ቅርፊትና ክንፍ ነው፤ እሱም ትንሽ አይደለም። ድሮ ከተማዋ ትንሽ ሳለች እትዬ አገሬ ያንን ሁሉ ከጓሮ ካለው ቦይ ትደፋው ነበር፤ ውሻውም ይበላዋል፣ ጎርፉም ይወስደዋል። ኋላ ከተማዋ አደገች። ከቦዩ ወዲያ ቤት ተሠራ፣ ከቤቱ ወዲያ ሌላ ቤት ተሠራ፣ ቦዩም ተደፈነ። አንጀቱ ግን እንደ ወትሮው መምጣቱን አላቆመም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የወፍጮ ቤቴ ቆርቆሮ ላይ አንገታቸውን ቀብረው ተደርድረው ይቆሙ ጀመር። ለሩቅ ሰው የዕድር ሽማግሌዎች የተሰበሰቡ ይመስል ነበር።

ትክክለኞቹ የዕድር ሽማግሌዎችም ብዙ አልቆዩም። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሙቀቱ በረታ፤ ጾመኛ ሲበዛ ዓሣ በላተኛ በዛ፤ ዓሣ በላተኛ ሲበዛ አንጀቱ ተከመረ። ከእኛ ጓሮ ወዲያ የኔታ ልሳነወርቅ ቅኔ ያስተምራሉ። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ አፍንጫቸው ግን የወጣት ነው። ተማሪዎቻቸው አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ቅኔ ሲያሰሙ ዜማው ሁሉ በጉንፋን የተያዘ መሰለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድሩ ተሰበሰበና እትዬ አገሬ ተጠራች።

የኔታ ናቸው የተናገሩት። ቁጣም አልነበረባቸውም።

«አገሬ ልጄ፣ እኔ በሁዳዴ ዓሣ አልበላም። ነገር ግን ይኸው ጾሙን በሙሉ በአፍንጫዬ ስበላ ከረምሁ። ጾሜን አስገደፍሽኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እትዬ አገሬ ግን አልሳቀችም። ፍርዱም ቀልድ አልነበረም፤ ክረምቱ እስኪወጣ ሽታውን ታጥፋ፣ ካልሆነላት ቤቱን ትልቀቅ። አከራይዋም ከተሰብሳቢው መካከል ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። መንገድ ዳር ያለን ቦታ መልቀቅ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዓሣ መንገደኛ ካላለፈበት ቦታ ማን ይበላዋል? ከባሏ የቀራት ሙያ ይህ ብቻ ነው። ሌላ ሥራ ልጀምር እንዳትል፣ ዕድሜዋም ጉልበቷም እዚሁ ዓሣ መፋቂያው ድንጋይ ላይ አልቋል።

በነጋታው ዓሣ ቤቱ ጸጥ አለ። ሞተሬን አጥፍቼ አዳመጥሁ፤ «ቆሮሶ የሚበላ ይቀመጥ» የሚል የለም። ረቡዕ ዕለት ትዕግሥት የምትባል የግብርና ባለሙያ ምሳ ልትበላ ገባች። ትዕግሥት ረቡዕና ዓርብ የማትቀር ደንበኛ ናት፤ የምትገባውም በፊት ለፊት በር ነው።

«እትዬ፣ ምነው ዛሬ ድምፅሽ ጠፋ?» አለቻት።

«ድምፄን ሽታዬ ዋጠው፣ ልጄ» አለችና ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላት።

ትዕግሥት ዓሣዋን እየበላች ሰማቻት፣ ጓሮውን ወጥታ አየችው፣ አፍንጫዋንም ሳትይዝ ተመለሰች። ይህን እንኳ ልብ በሉልኝ፤ እኔ ጎረቤቱ የማልችለውን ነው የቻለችው። ከዚያ እጇን እየታጠበች፣

«ለምን ትል አታረቢበትም?» አለቻት።

እትዬ አገሬ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ምን አልሽ?»

«ትል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ትል እንዳይወጣብኝ ስባክን እኖራለሁ፤ አንቺ ደግሞ አርቢ ትይኛለሽ?»

እንግዲህ እኛ ትል ሲባል የሚታየን ምንድን ነው? የተበላሸ ሥጋ፣ መቃብር፣ ወይም የሲኦል ስብከት። ትዕግሥት ግን ይኼኛው የዝንብ ልጅ እንዳልሆነ አስረዳቻት። ቀይ፣ ቀጭን፣ አፈር ውስጥ የሚኖር፣ የበሰበሰ ነገር የሚበላ ነው። በልቶ የሚጥለው ደግሞ እንደ ተነፋ አመድ የላመ ጥቁር አፈር ይሆናል፤ ሽታ የለው፣ ምን የለው። ማሳ ላይ ቢበትኑት እህል ይወደዋል፤ ለሽምብራና ለምስር፣ ለባቄላም ይስማማል። እትዬ አገሬ ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዘችው «ሽታ የለው» የምትለዋን ብቻ ነበር። ለእሷ እሱ ይበቃታል።

ትዕግሥት ትሎቹን በተበሳ የፕላስቲክ ባልዲ አምጥታ፣ ጥላ ሥር እንድታስቀምጣቸው ነግራት ለሥራ ወደ ገጠር ወጣች። እትዬ አገሬ እንግዳ ተቀብላ ዝም ማለት የምትችል ሴት አይደለችም። የሚበሉትን ከነገሯት በኋላማ ምን ያቆያታል? ያን ቀን የወጣውን ትኩስ አንጀት በሙሉ ባልዲው ላይ ገለበጠችና «ብሉ፣ አትፈሩ፣ ቤት ያፈራው ነው» አለቻቸው። እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ትሎቹ የባልዲውን ግድግዳ እየወጡ ይሸሹ ጀመር። ጥቂቶቹ የወፍጮ ቤቴን ግድግዳ ሲወጡ አየኋቸው። መሸሽ ያቃታቸው እዚያው ቀለጡ። እትዬ አገሬ ባዶውን ባልዲ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ሰው ሞቶባት ለመርዶ የመጣች መሰለኝ።

«ሸሹኝ» አለች። «የእኔን ዓሣ ንቆ የሄደ ፍጥረት እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ትዕግሥት ከገጠር ስትመለስ አልሳቀችባትም፤ ራሷንም ወቀሰች እንጂ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር አለቻት። የዓሣ አንጀት ሲበሰብስ እንደ እሳት ይግላል፤ ርጥበቱም ቅባቱም ይበዛል፤ ትል በዚያ መካከል ይቃጠላል እንጂ አይበላም። መጀመሪያ ከደረቅ ነገርና ከከብት እበት ጋር ተደባልቆ፣ ተሸፍኖ፣ እየተገላበጠ፣ ትኩሳቱ ወጥቶለት መብረድ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ትሎቹ ለማዕድ የሚጠሩት።

«ደረቅ ነገር ከየት አመጣለሁ?» አለች እትዬ አገሬ። ከዚያ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ እኔ ጓሮ አዞረች።

የሩዝ መፈልፈያ ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሩዙ ወደ ጆንያ ሲገባ ገለፈቱ ወደ ጓሮ ይተፋል። የእኔ ጓሮ የገለፈት ተራራ ነበረው። ነፋስ በተነሣ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ዕድሩ እስከዚያ ድረስ እኔን ያልጠራኝ የእሷ ሽታ ከእኔ ብናኝ ስለቀደመ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ውሰጂ» ስላት ደግነት እንዳይመስላችሁ። በጆንያ ወሰደች፣ በሳፋ ወሰደች፣ ተራራው ዝቅ ሲል ከወፍጮ ቤቴ መስኮት ሰማይ መታየት ጀመረ።

ከገለፈቱ ጋር የሩዝ ገለባ ከተፈች፤ ከብት ካለው ሁሉ እበት ለመነች። አንድ ድርብ ደረቅ፣ አንድ ድርብ ዓሣ፣ አንድ ድርብ እበት እያለች ከመረችው፤ አፈርና ገለባ አለበሰችው። ጧት ጧት ስትገልጠው እንፋሎቱ ቡልቅ ይላል። እጇን ሰድዳ ስትነካው «እስስ!» ብላ ታወጣለች። እንደዚያ እያለች አገላበጠችው፤ አጠጣችው፤ ሸፈነችው። ሽታው መጀመሪያ ባሰ፤ ይህን አልደብቃችሁም። ከዚያ ቀነሰ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ወጣሁና ቆርቆሮዬን ባየው አባ ኮዳዎቹ የሉም። ወደ ሌላ ሰው ሰፈር ሄደው ነበር።

ክምሩ ሲበርድ ትሎቹ እንደገና መጡ፤ አሁን አልሸሹም። እትዬ አገሬ ከእንጨት ያሠራቻቸው ሣጥኖች ውስጥ ገብተው እየበሉ ይራቡ ጀመር። ሰፈሩም ወሬ አላጣም። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?» ያላት አንድ ጎረቤት፣ «ሰምቻለሁ፤ ዘንዶው ገና ልጅ ነው፣ እያሳደግሁት ነው» የሚል መልስ አግኝቷል።

ወሬው የኔታ ጆሮ ገባ። እሳቸው ደግሞ የቅኔ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ስምና እንዲህ ያለ ነገር ሲገጣጠም እንዴት ያልፋሉ? በትራቸውን እያስቀደሙ ከተማሪዎቻቸው ጋር በጓሮ በር መጡ። (ለዓሣ አይደለም፤ ስማቸውን እንዳላጎድፍ።)

«አገሬ ትል ያዛት አሉ፤ እውነት ነው?» አሉ።

ተማሪዎቹ አፋቸውን ያዙ። የሴትየዋን ስም የማያውቅ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ይህን ቢሰማ ኖሮ ስለ አገሩ ክፉኛ ባዘነ ነበር። የኔታ ቀጠሉ።

«ሰው ሁሉ እየተናገረ ነው። ታዲያ አገሬ ምን ትል?»

እትዬ አገሬ የቅኔ ቤት ደጅ አልረገጠችም፤ ግን ከቅኔ ቤት ጀርባ ነው የኖረችው። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣

«አገሬማ ዝም ብላለች፣ የኔታ። የሚናገርላት ትሏ ነው» አለች።

የኔታ ሳቁ፤ ሳቁና በትራቸውን ጣሉ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ በዚህች ሰምና ወርቅ ቅኔ ሲዘርፉ ሰነበቱ ይባላል። ቅኔው እንዴት እንደነበር አትጠይቁኝ፤ የእኔ ድርሻ ገለፈት ነው።

ነሐሴ ላይ የሆነውን ግን ልነግራችሁ እችላለሁ። የፎገራን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሜዳው ውሃ መያዝ ይወዳል፤ ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሲቆጡ ማሳና ወንዝ አይለይም። ያን ቀን ከእኩለ ቀን ጀምሮ እንደ ጉድ ዘነበ፤ ከሰዓት በኋላ የተደፈነው ቦይ መንገዱን አስታውሶ በእኛ ጓሮ መጣ። እኔ የሰው ሩዝ የያዙ ጆንያዎችን ወደ ቆጥ እየሰቀልሁ ነበር። ሰው ሁሉ ፍራሽ ይሸከማል፤ ወንበር ይሸከማል፤ ቴሌቪዥን አቅፎ የሚሮጥም አየሁ። እትዬ አገሬስ? ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ትሎቹን ከነአፈራቸው በሳፋ እየዛቀች ወደ ቤት ታመላልሳለች። የምታስቀምጣቸው ደግሞ አልጋዋ ላይ ነው። ቤቷ ውስጥ ከፍ ያለው ነገር እሱ ስለነበር።

«እትዬ፣ ፍራሽሽ!» ብዬ ጮህሁ። ፍራሹ ወለል ላይ ተጥሎ ውሃ እየጠጣ ነበር።

«ፍራሽ ውሃ አይገድለውም!» አለችኝ ዞር ሳትል።

ጆንያዬን ትቼ ሄድሁና የሣጥኑን አንድ ጎን ያዝሁ። ሁለታችን እየታገልን ሳለን ከቅኔ ቤቱ በኩል ተማሪዎቹ ልብሳቸውን ታጥቀው በውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቁ ደረሱ። የፊተኛው እያለከለከ «የኔታ ‘የአገሬን ትል አድኑ’ ብለው ላኩን» አለ። አንዱ ሣጥን አመለጠንና ተንሳፎ ሄደ፤ የተረፉት ተረፉ። ውሃው እስኪጎድል ድረስ ትሎቹ አልጋ ላይ ተኙ፤ እትዬ አገሬ ወንበር ላይ ተቀምጣ አደረች። እኔ ሰው ለልጁ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። ለትል ሲሆን ያየሁት ግን ያኔ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላም ስለ እሷ ሲቀለድ መሳቅ አቃተኝ።

ክረምቱ ወጣ፤ የዕድሩ ቀጠሮም ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጓሮዋን ሊያዩ መጡ። እትዬ አገሬ ከሣጥኑ አንድ እፍኝ ዘግና የኔታ መዳፍ ላይ አደረገችላቸው። ጥቁር፣ ልም፣ ቀዝቀዝ ያለ አፈር። የኔታ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ዝናብ ሲጀምር ማሳ የሚሸተው ሽታ ነው ያለው፤ ሌላ ምንም የለውም። ሁላችንም አፍንጫቸውን እናያለን፤ ፍርዱ ያለው እዚያ ነው።

«ይህስ አያስገድፍም» አሉ።

በዚያው ተበተንን። ቤቱን ትልቀቅ ያለ የለም፤ አከራይዋም ራሱን ነቀነቀ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ግን ያ ሁሉ አፈር ተከምሮ ምን ይሁን? እትዬ አገሬ ቁሐር ሚካኤል በሚባል ገጠር ታላቅ ወንድም አላት፤ አያ ጫኔ ይባላሉ። ሩዝ ያመርታሉ፤ ሩዙ ሲታጨድ በቀረው ርጥበት ሽምብራ ይዘራሉ። ማሳቸው ዋልካ ነው፤ ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሽምብራው ፊቱን አዞረባቸው። ይወጣል፣ ይገረጣል፤ ትንሽ ያፈራ ሲመስል ጓይ ትል የሚባለው መዓት ይወርድና ዛላውን እየበሳ ፍሬውን ይበላዋል። በዚያ ዓመት «ከሽምብራ ጋር ተለያይተናል፤ ማሳውን ለከብት ግጦሽ እተወዋለሁ» ብለው ቆርጠው ነበር።

እትዬ አገሬ አፈሩን በጋሪ አስጭና ሄደች። እኔም የሩዙን አጨዳ ልይ በሚል ሰበብ ተከትያት ሄድሁ፤ እውነቱን ለመናገር የሁለቱን ክርክር ማጣት አልፈለግሁም።

አያ ጫኔ አፈሩን አዩና «ምንድን ነው ይኼ?» አሉ።

«ትል የሠራው ማዳበሪያ ነው፣ አያ።»

«ትል!» ጮኹ። ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህልኝ አንተ? ሽምብራዬን የጨረሰውን ትል የእናቴ ልጅ በጋሪ ጭና አመጣችልኝ!»

«ያ ሌላ፣ ይኼ ሌላ። ያኛው ላይ ላዩን ይበላል፤ ይኼኛው ሥር ሥሩን ያበላል።»

«ሁለቱም ስማቸው ትል ነው።»

«አንተም ጫኔ ነህ፤ ያ ሰካራም ጎረቤትህም ጫኔ ነው» አለች እትዬ አገሬ።

እኔ ፊቴን ወደ ከብቶቹ አዞርሁ። አያ ጫኔ በበትራቸው ከመንገዱ ዳር ያለችውን፣ ውሃ መጨረሻ የሚለቃትን፣ ከማሳው ሁሉ የከፋችውን ጥግ አሳዩአት። «እዚያ ደፍተሽ ዝም በይኝ» አሉ። እሷም እዚያ በተነችው፤ ሽምብራውንም በገዛ እጇ ዘራችው። አያ ጫኔ «እንግዲያው ዘሩም አይቅር» ብለው እየተነጫነጩ ቀሪውን ማሳ በልማዳቸው ዘሩት። ገበሬ ሆኖ ባዶ መሬት አጠገብ የተዘራ መሬት እያየ የሚተኛ የለም።

ሽምብራው ካደገ በኋላ አንድ የገበያ ቀን አያ ጫኔ ወረታ መጡ። ከጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ከዚያች ጥግ ከነሥሩ የተነቀለ ሽምብራ አወጡና ዓሣ መፋቂያው ድንጋይ ላይ ጣሉት።

«አበላሸሽኝ፣ አገሬ። ሥሩ ቆስሏል።»

እውነትም ሥሩ በትናንሽ እባጮች ተሞልቷል። እትዬ አገሬ ክው አለች። ደግነቱ ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ትዕግሥት ከዓሣዋ ላይ ተነሥታ መጣች። አንዱን እባጭ በጥፍሯ ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ቀላ ያለ ነው።

«አያ፣ ይህማ ቁስል አይደለም፤ ጤና ነው። ሽምብራ ምግቡን ከአየር የሚይዘው በእነዚህ ነው። ውስጡ ሲቀላ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ሥሩ ሲመቸው እንዲህ ይበዛል።»

«ከአየር? ከነፋስ?»

«አዎ፣ ከነፋስ።»

አያ ጫኔ እህታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ። «መጀመሪያ ትል ይሠራልሃል አላችሁኝ። አሁን ነፋስ ያበላዋል ትሉኛላችሁ። ነገ ደግሞ ምን ልትሉኝ ነው?» አሉ። ግን ያችን የተነቀለች ሽምብራ አልጣሏትም፤ መልሰው በጋቢያቸው ጠቀለሏት።

የሚቀጥለውን ለማስረዳት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በእኛ አገር መንገደኛ እሸት ቢቀጥፍ ሌባ አይባልም። ሲያልፍ ይቆርጣል፣ እየፈለፈለ ይበላል፣ ባለማሳውን ይመርቃል፤ ይኸው ነው። ታዲያ የቁሐር ሚካኤል ሰው ለገበያ ሲመጣ በአያ ጫኔ ማሳ ዳር ነው የሚያልፈው። ሽምብራው ሲያሸት መንገደኛው ሁሉ ማሳውን እንዳላየ እያለፈ ያችን የእትዬ አገሬን ጥግ ብቻ ይረባረብባት ጀመር። ዛላዋ ሞልቷል፤ እሸቷ ይጣፍጣል፤ ከሩቅ ስትታይ እንኳ ከሌላው ጠቆር ብላ ትለያለች። ትዕግሥት ምርቱን ልትመዝን አስባ ነበር። ምን ሚዛን ያስፈልጋል? የመንገደኛ እጅ አይሳሳትም፤ አያዳላም።

አያ ጫኔ እየተበሳጩ ማማ ሠሩና ራሳቸው ወጥተው ጠበቋት። ያችን የከፋች ጥግ! ጓይ ትልም አልቀረም፤ መጣ። የትል ማዳበሪያ ጓይ ትልን አያባርርም፤ የሚያባርር ነው ብላ ትዕግሥትም አልዋሸችም። አያ ጫኔ ከማማቸው እየወረዱ በእጃቸው ለቀሙት። ይህን ያህል ደክመው ያወቁ አይመስለኝም፤ ይህን ያህልም ተስፋ አድርገው። መንገደኛው በልቶ፣ ትሉ በልቶ የተረፈው ሲወቃ እንኳ ያች ጥግ ከሌላው በልጣ ተገኘች።

እትዬ አገሬ «እንዴት ነው፣ አያ?» አለቻቸው። ምስጋና የጠበቅሁ እኔ ነኝ፤ እሷ ወንድሟን ታውቃለች። አያ ጫኔ መሬት መሬት እያዩ፣

«ለከርሞ ስንት ጋሪ ትሰጪኛለሽ?» አሉ።

ከፋሲካ በኋላ አያ ጫኔ ልጃቸውን ስመኝን ዳሩ። ሙሽራው ከአንበሳሜ በኩል ነው፤ አባቱ ቄስ ናቸው፣ የተከበሩ፣ ንግግር የማያበዙ። ዳሱ ሞልቷል፤ በልተናል፣ ጠጥተናል። ለሙሽሮቹ ጎጆ መውጫ የሚሰጠው የሚነገርበት ሰዓት ደረሰና አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ይጠሩ ጀመር። ጊደር ተባለ፤ እልል ተባለ። በግ ተባለ፤ እልል ተባለ። የዘር ሽምብራ ተባለ፤ እልል ተባለ። ከዚያ አያ ጫኔ በሰፌድ የተከደነ ቅርጫት ከኋላቸው ጎትተው መካከል ላይ አኖሩ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጠየቋቸው፤ መልሱን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩዋቸው፤ እንደገና ጎንበስ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«የሙሽራዪቱ አባት ደግሞ... ትል ሰጥተዋል» አሉ።

እልልታው ጉሮሮ ላይ ቀረ። የሙሽራው እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሡ። ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ጎኑ ያለው በክርኑ ጎሸመው። ስመኝ አንገቷን ደፋች። እትዬ አገሬ አጠገቤ ናት፤ ትሎቹ ከእሷ ሣጥን የወጡ ናቸው፤ ክንዴን ጨመድዳ ይዛኛለች፤ በጎርፉ ቀን እንኳ እንዲህ አልያዘችኝም። ዳሱ ሁሉ የሙሽራውን አባት ያያል።

ቄሱ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ ቅርጫቱ ሄዱ፤ ሰፌዱን ገለጥ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። እሳቸውም ቅስናቸው ቅስና ነው እንጂ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ገበሬ ደግሞ በግም ይሰጠው ንብ፣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ምን ይበላል?» አሉ።

«እኛ የተውነውን» አሉ አያ ጫኔ።

ቄሱ ሰፌዱን መልሰው ከደኑ፤ ቅርጫቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው ከጊደሯና ከበጉ ወገን አኖሩት። «እንግዲያው እኛ ቤት አይከብድም» አሉና ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

መጀመሪያ እልል ያሉት የሙሽራው እናት ናቸው። እትዬ አገሬም ክንዴን ለቀቀችኝ።